ማራገቢያው እስኪቆም

«ዛሬ ጨርቅ አቃጠለች፤ ነገ ጋዙን ከፍታ ትተኛለች። ማታ መጥተሽ ውሰጃት በቃ።»

እትዬ ይህን የሰሙት መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ፊታቸውን ሳሙና ቀብተው ጎንበስ እንዳሉ ነው። የመታጠቢያ ቤቱ ትንሽ መስኮት የምትከፈተው ወደ በረንዳው ነው። ወንድማቸው ደግሞ ምስጢር ሲኖረው በረንዳ ላይ ወጥቶ የማውራት ልማድ አለው፤ ሳሎን ውስጥ ቢያወራ ይሻለው ነበር። ስልኩ ውስጥ ያለችው ታናሽ እህታቸው መሆኗን ለመገመት ብዙ ማሰብ አላስፈለጋቸውም። ወንድም አንድ፣ እህት አንድ፤ «ውሰጃት» ቢባል የሚባለው ለሷው ነው። ሳሙናው ወደ ዓይናቸው ወረደና ቆጠቆጣቸው፤ ውሃውን ግን አልከፈቱም። የውሃው ድምፅ አንዲት ቃል እንኳ እንዲሰርቅባቸው አልፈለጉም።

«ኧረ ቀስ በል፣ ይሰማሉ» አለች የወንድማቸው ሚስት ከወጥ ቤቱ በር።

«ብትሰማስ? ለራሷ ደኅንነት እኮ ነው» አለና ወንድምየው ወደ ስልኩ ተመለሰ። «አዎ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነይ። እራት በልተሽ ይዘሻት ትሄጃለሽ። ልብሷን እኛ እናዘጋጃለን።»

ደኅንነት! ስድሳ አራት ዓመት በገዛ እግራቸው ቆመው የኖሩ ሴትዮ፣ ከእራት የተረፈ ምግብ ይመስል ተጠቅልለው ሊላኩ ነው። ታናሽ እህታቸው የምትኖረው ከከተማው ሌላኛ ዳር ነው። ደግ ናት፤ ቤቷ ግን አንድ መኝታ ቤትና አንዲት ሳሎን ነው። እዚያ መኖር ማለት ሶፋ ላይ ተኝቶ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ብርድ ልብስ አጣጥፎ መነሣት ማለት ነው። እሱስ ይሁን፤ እትዬ ከዚያ የባሰ ቦታም ተኝተው ያውቃሉ። ያስፈራቸው «መርሳት ጀምራለች» የሚባለው ስም ነው። ሰው ላይ አንድ ጊዜ ከተለጠፈ በኋላ ቢስቅም እሱ ነው፣ ቢቆጣም እሱ ነው፣ ወጥ ላይ ጨው ቢያበዛም እሱ ነው። ሆስፒታል ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሲሠሩ ስንቱን አይተዋል። ልጆች በር ላይ ቆመው ስለ እናታቸው እንደሌለች አድርገው ሲያወሩ፣ እናትየው አልጋው ላይ ሆና ሁሉን ትሰማ ነበር። አሁን ተራው የሳቸው ሆነ።

ጭሱ የወጣው ረቡዕ ዕለት ነው። ማይክሮዌቩ እዚህ ቤት ከገባ ሁለት ወር ቢሆነው ነው። ተራ ማሞቂያ አይደለም፤ ሲፈልጉ ያሞቃል፣ ሲፈልጉ ጣሪያው ላይ ባለው ግሪል ፍም መስሎ ይጠብሳል፣ ሲፈልጉ ሁለቱን አንድ ላይ ይሠራል። ዋጋው የእትዬን የአምስት ወር ጡረታ ያህላል፤ ይህን ያወቁት ጠይቀው ሳይሆን የወንድማቸው ሚስት ለገባ ለወጣው ሁሉ ስለምትናገር ነው። ዕቃው እንደገባ ቤቱ ውስጥ ሁለት ሕግ ታወጀ። አንዱ የወንድምየው ነው። የመንገድ መሐንዲስ ነው፤ ሕንፃው ሁሉ «ኢንጂነር» እያለ ይጠራዋል፤ መብራት በከንቱ ሲቆጥር ካየ ደግሞ እንቅልፍ አይወስደውም። «ጲጵ ካለ በኋላ አንድ ሴኮንድ እንዳይቆይ፤ ሶኬቱን ወዲያው ንቀይ» አላቸው። ሌላው ሕግ የሚስቱ ነው። «እንደተነቀለ ወዲያው ያልብሱት እትዬ፤ አቧራ ጠላቱ ነው።» የሚለብሰው እትዬ ራሳቸው ክረምቱን ሙሉ በኪሮሽ የሠሩት ዳንቴል ነው፤ ከሥሩ ደግሞ ቀለሙ እንዳይጫር ላስቲክ ይነጠፍበታል። ነቃይ ያለበት ቤት ብዙ ነው፣ አልባሽ ያለበት ቤትም ብዙ ነው፤ ሁለቱ ባልና ሚስት ሆነው የተገናኙት ግን እዚህ ቤት ነው።

ረቡዕ እትዬ ዶሮ ጠበሱ። ግሪሉ ሠላሳ ደቂቃ ሙሉ ሲነድ ቆየ። ጲጵ አለ፤ ነቀሉ። ላስቲኩን አነጠፉ፣ ዳንቴሉን አለበሱ፣ ጫፉን አስተካከሉ፤ ሁሉንም እንደታዘዙት። ሰላጣ ለመክተፍ ዞር እንዳሉ ላስቲኩ ቀለጠ፣ ዳንቴሉ ጠቆረ፣ ወጥ ቤቱ በጭስ ታፈነ። የታች ፎቋ ጎረቤት ባልዲ ይዛ እየሮጠች መጣች። ኢንጂነሩ ሲደርስ ያየው የጋለ ማሽን ላይ የተቃጠለ ጨርቅ ነው። «እንዴት ሰው እሳት ላይ ጨርቅ ያለብሳል?» አለ፤ የጠየቀው ደግሞ እሳቸውን ሳይሆን ሚስቱን ነው። እትዬ አፋቸውን ከፈቱ። «ሁለታችሁ ያላችሁኝን ነው ያደረግሁት» ቢሉ ይበቃ ነበር። አልወጣላቸውም። አራት ዓመት በሰው ቤት የተቀመጠ ሰው ምላሱን መዋጥ ይለምዳል። ሚስትየውም «ያልብሱት» ያለችው ራሷ መሆኗን እያወቀች ጎንበስ ብላ ወለሉን መጥረግ ጀመረች። ያን ዕለት ማታ ኢንጂነሩ የእትዬን የቤት ቁልፍ «ለጥቂት ቀን እኔ ጋ ይቆይ» ብሎ ወሰደ፤ እሳቸውም ከቀለበቱ ፈትተው ሰጡት።

ከሁሉም በላይ የሚያንገበግባቸው ግን ሌላ ነገር ነው። እትዬ ሆስፒታል የሠሩት ማምከኛ ክፍል ነው። የቀዶ ሕክምና መቀሱንና ፎጣውን በእንፋሎት የሚያመክነው፣ ቁመቱ ሰው የሚያህለው ማሽን በሳቸው እጅ ነበር። እዚያ ክፍል የገባ ሰው መጀመሪያ የሚማረው፣ ማሽን ጨረስኩ ስላለ እንዳልጨረሰ ነው። ደወሉ ከጮኸ በኋላ የግፊት መለኪያው መርፌ ወርዶ ዜሮ እስኪነካ ማንም በሩን አይነካም፣ ዋና ሐኪሙም ቢሆን። ስለዚህ ይህ አዲሱ ዕቃ ጲጵ ካለ በኋላ ውስጡ የሆነ ነገር ሽሽሽ እያለ መሽከርከሩን ሲሰሙ በመጀመሪያው ቀን ገብቷቸዋል። «ገና እየተነፈሰ ነው እኮ» ብለውም ነበር። ወንድማቸው ሳቀ። «እትዬ፣ ይሄ የሆስፒታል ቦይለር አይደለም!» እሳቸውም አብረው ሳቁ። ዛሬ ጠዋት ከሳሙናው በላይ የቆጠቆጠቻቸው ያቺ ሳቅ ናት።

ሦስት ሰዓት ላይ ቤቱ ጭር አለ። ኢንጂነሩ ቅዳሜም ሥራ አለው፤ ሚስቱ ፀጉር ቤት፣ ከዚያም ገበያ ትሄዳለች። ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ «እትዬ፣ ዛሬ ምንም አይሥሩ፤ አረፍ ይበሉ» አለች፤ ዓይን ዓይናቸውን ግን አላየችም። እትዬ ወደ ክፍላቸው ሲገቡ ሻንጣቸው አልጋው ላይ ተከፍቶ ጠበቃቸው። ሹራቦቻቸው እጅጌ በእጅጌ፣ አንገት በአንገት ሆነው ተጣጥፈው ገብተዋል፤ የደም ግፊት መድኃኒታቸው ከላይ በፌስታል ተቋጥሯል። ዝም ብሎ ተወርውሮ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተናደዱ ነበር፤ እንዲህ በክብር ሲታጠፍ ግን ደማቸው ፈላ። ለመሆኑ ማን ጠየቃቸው? ትሄጃለሽ ወይ ያለ አለ? እንደ ሕፃን ልጅ ልብሳቸው ተሰናድቶ፣ መድኃኒታቸው ተቋጥሮ፣ መኪና ላይ ሊጫኑ ነው። ሻንጣውን በሁለት እጃቸው አነሡና አልጋው ላይ ገለበጡት። ሹራቡ ሁሉ ተበተነ፤ አንዱም መሬት ወደቀ፤ አላነሡትም።

ማይክሮዌቩ በረንዳው ላይ፣ ከአንድ እግረ ሰባራ ወንበርና ከባዶ ጀሪካን መሃል ተቀምጧል። ሰኞ ይጣላል ተብሏል። እትዬ ጣታቸውን ጎኑ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች አሳለፉ፤ የቀለጠው ላስቲክ ደርቆ ግማሾቹን ደፍኗቸዋል። ወደ ወጥ ቤት ተመለሱና የማንኪያውን መሳቢያ ሳቡ። የመመሪያው መጽሐፍ ከማንኪያዎቹ ሥር ከነማሸጊያው አለ። እዚህ ቤት ኢንጂነር እያለ መመሪያ መክፈት ኢንጂነሩን እንደ መስደብ ነው። ጽሑፉ በማያውቋቸው ስድስት ቋንቋዎች ነው፤ ሥዕል ግን አለው። መነጽራቸውን አጥልቀው ገጽ በገጽ ሄዱ። ገጽ ዘጠኝ ላይ ልክ እንደዚሁ ያለ ማሽን ተሥሏል፤ ላዩ ላይ ጨርቅ ለብሷል፤ በጨርቁ ላይ ደግሞ ትልቅ ኤክስ ተደርጎበታል። ከሥሩ ሌላ ሥዕል አለ፤ ማሽኑ ውስጥ የምትዞር ማራገቢያ፣ ከጎኗ ሰዓት፣ ወደ ሶኬቱ የተዘረጋ እጅ፤ እጁም ላይ ኤክስ። እትዬ ባዶ ወጥ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ሳቁ። ሠዓሊው እዚህ ቤት አንድ ሳምንት ከርሞ የሄደ ይመስላል፤ ዳንቴሉ እንኳ የሳቸውን ይመስል ነበር።

የመስታወት ሳህኑንና የሚሽከረከርባትን ቀለበት ከማሽኑ አውጥተው በሹራብ ጠቀለሉ። የሽቦ መጥበሻውን እግሩን አጥፈው በባዶው ሻንጣ ጎን አስገቡ። ማሽኑን ግን ማንሣት ቀላል አልነበረም። ሻንጣውን በረንዳው ድረስ ጎትተው፣ በጎኑ አስተኝተው፣ ማሽኑን በጉልበታቸው እየገፉ አስገቡትና አብረው አቀኑት። ዚፑ እየተነጫነጨ ተዘጋ። መመሪያውን ቦርሳቸው ውስጥ ከትተው፣ ጥሩ ጫማቸውን አድርገው በሩ ጋ ደረሱ። እዚያ ትንሽ ቆሙ። ይህ በር ሲዘጋ በራሱ ይቆለፋል። ቁልፍ የላቸውም። ከወጡ በኋላ፣ ከውስጥ ሰው ካልከፈተላቸው በቀር መመለሻ የለም። «እንግዲህ» አሉና ወጥተው በሩን ገጭ አደረጉት።

ሦስት ፎቅ መውረድ ሃያ ደቂቃ ፈጀባቸው። አንድ ደረጃ ሻንጣው ይወርዳል፣ አንድ ደረጃ እሳቸው ይወርዳሉ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ባለባልዲዋ ጎረቤት በሯን ከፍታ ሻንጣውን አየችና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ውይ! ሄዱብን እንዴ እትዬ?»

«ወደ ሐኪም ነው።»

«ምነው? ምን ሆኑ?»

«እኔ ደኅና ነኝ፤ በሽተኛው ሻንጣ ውስጥ ነው።»

ጎረቤቲቱ ፈገግ ትበል ትደንግጥ አልታወቃትም። እትዬ ያቺን ፊት ያውቋታል፤ «እውነት ነው ለካ፣ ነክቷቸዋል» የምትል ፊት ናት። ዚፑን አንድ ስንዝር ከፍተው የማሽኑን ጥግ አሳዩዋት። ሴትየዋ ሳቋ አመለጣትና ሻንጣውን በሌላ ጎን ይዛ እስከ ታች አወረደችላቸው። ረቡዕ ያን ሁሉ ጭስ ያየች እሷ ናት፤ ግን እንዴት ተነሣ ብላ የጠየቀቻቸው ዛሬ ገና ነው። በደረጃው ላይ ነገሯት። ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፋቸው ሲወጣ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ሆነ፤ እትዬ ራሳቸው ገረማቸው። ይህን ነው ሦስት ቀን ሙሉ ተሸክመው የዋሉት?

የጥገና ሱቁ ከዋናው መንገድ ጀርባ፣ ከጎሚስታው አጠገብ ነው። ከፊት ለፊቱ አሮጌ ፍሪጆች ያለ በር ተደርድረዋል። የሱቁ ባለቤት ነጭ ጋዋን ስለሚለብስ ሰፈሩ «ዶክተሩ» ይለዋል፤ ጋዋኑ ነጭ የነበረበትን ዘመን የሚያስታውስ ግን የለም። ሻንጣው ተከፍቶ ማይክሮዌቭ ሲወጣ ምንም አልደነቀውም። ጀርባውን ፈታ፣ በመፍቻ ጫፍና ጫፉን ነካክቶ ውስጡ የቀረውን መብራት አስለቀቀው፣ ባትሪውን አበራ፣ ወደ ውስጥ አየ፣ ከዚያ ቀና ብሎ እትዬን አየ።

«ማነው ያፈነው?»

«ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ንቀይ አለኝ፣ አንዷ አልብሺ አለችኝ። እጁ ግን የኔ ነው።»

«ዋናው ደኅና ነው» አለ ዶክተሩ። «ሙቀት ሲበዛበት ራሱን የሚሠዋ ትንሽ ፊውዝ አለው፣ እሱ ነው የሄደው። እሱ ባይሄድ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የምናወራው።» ዋጋውን ነገራቸው፤ ከአንድ ዶሮ አይበልጥም። የአምስት ወር ጡረታ የሚያወጣ ዕቃ ሰኞ ሊጣል የነበረው ለዚህ ነው። ደግሞ ከማሽኑ ጋር እሳቸውም ሊጣሉ የነበረው ለዚህችው ነው። እትዬ ፊውዟን ከእጁ ተቀብለው በመዳፋቸው ላይ አዩአት፤ የጥፍር ያህል ናት።

እሱ ሲሠራ እሳቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጠየቁ። መልሱ ሲያጥርባቸው ደግመው ጠየቁ። መጀመሪያ ሰልችቶት ነበር፤ ማሽን እንደሚያውቅ ሰው የሚጠይቁ መሆናቸው ሲገባው ግን እጁን አቁሞ ያስረዳቸው ጀመር። ማሞቂያው ብቻ ሲሠራ ብረት አይግባ፣ ጠርዙ ላይ ወርቅ የተቀባ ሳህንም ያው ብረት ነው፣ ይፈነጥቃል። ግሪሉ ሲሠራ ደግሞ ፕላስቲክ አይግባ፣ «ለማይክሮዌቭ ይሆናል» ተብሎ ቢጻፍበትም ለግሪል አይሆንም፣ ይቀልጣል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሠሩ ሁለቱም አይግቡ፤ የያኔው ዕቃ እሳት የሚችል መስታወት ነው። ሽቦው መጥበሻ የሚገባው ግሪሉ ብቻ ሲሠራ ነው፣ ግድግዳውንም እንዳይነካ። ባዶውን አያስነሡት። ከጀርባውና ከጎኑ ክፍት ቦታ ይተዉለት። ክዳኑን ደግሞ ምን ቢሆን እርስዎ እንዳይፈቱት፤ ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ የሚቀመጥ መብራት አለ፣ ሰው ይገድላል። እትዬ ይህን ሁሉ አልጻፉም። አንድ በአንድ እየደገሙ አስሰሙት፤ አንዲት አልሳቱም። ዶክተሩ «እኔ እንኳ እንዲህ አድርጌ አልተማርኩም» አለ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ስልካቸው ጮኸ። ኢንጂነሩ ነው። ሚስትየው ቤት ገብታ የተበተነ ሹራብና የጠፋ ሻንጣ አግኝታ ደውላለታለች ማለት ነው።

«የት ነሽ እትዬ?» ድምፁ ለሕፃን የሚወጣ ዓይነት ድምፅ ነበር። «አትንቀሳቀሺ፣ ያለሽበትን ንገሪኝና እኔ መጥቼ...»

«ሥራ ላይ ነኝ።»

«የምን ሥራ?»

«አሥራ ሁለት ሰዓት እመጣለሁ። እራት ከውጭ እንዳታዝዙ፤ ፍሪጅ ውስጥ ያለውን ዶሮ አውጡና በረዶውን ይልቀቅ» ብለው ዘጉት። ዶክተሩ በፈገግታ ጎንበስ አለ። እትዬ ስልኩን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ወንድማቸው ላይ ስልክ ዘግተው አያውቁም። ደስ አላቸው። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ የባሰ ደስ አላቸው።

ማሽኑ ተገጥሞ፣ ቀዳዳዎቹ ተፍቀው፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ ገብቶበት ተሞከረ፤ ውሃው ፈላ። ግሪሉም ሲበራ ጣሪያው ቀላ። ጲጵ ሲል ዶክተሩ ሊያወራ ነበር፤ እትዬ ጣታቸውን አነሡ። ሁለቱም ዝም ብለው ሰሙ። ሽሽሽ ይላል። እትዬ የእጅ ሰዓታቸውን እያዩ ጠበቁ። በአራተኛው ደቂቃ ላይ ቀጭ ብሎ ቆመ። «አሁን ጨረሰ» አሉ፤ ከጡረታ ወዲህ ይህን ቃል ሲሉ የመጀመሪያቸው ነው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ጎረቤቲቱ ሻንጣውን አግዛቸው ሦስቱን ፎቅ ከወጡ በኋላ፣ በሩን የከፈተላቸው ኢንጂነሩ ነው። ከኋላው ሚስቱ ፀጉሯን ተሠርታ ቆማለች፤ ሶፋው ላይ ደግሞ ታናሽ እህታቸው ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ ተቀምጣለች። ሦስቱም ሰላምታ ሳይሰጡ መጀመሪያ ሻንጣውን አዩ። እህትየው ብድግ ብላ ሳመቻቸውና «ራስሽ ሸክፈሽ መጣሽ እንዴ? በይ አምጪ እኔ ልያዝልሽ» አለች። እጀታውን ይዛ ልታነሣው ሞከረች፤ ከመሬት አልተላቀቀም።

«ድንጋይ ነው እንዴ የሞላሽበት?»

እትዬ እጀታውን ተቀበሏት። ሻንጣውን እየጎተቱ በሦስቱ መሃል አልፈው ወጥ ቤት ገቡ፤ አንደኛው ጎማ ሲጥ ሲጥ ይላል። ወለሉ ላይ አስተኝተው ዚፑን ከፈቱ። «ና አግዘኝ» አሉት ወንድማቸውን። ኢንጂነሩ ያየውን ነገር ገና ሳያምን እጁ ታዘዘ፤ አብረው አንሥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ከግድግዳው ሊያስጠጋው ሲል እትዬ በክንዳቸው ገፋ አደረጉና አንድ ስንዝር ቦታ አስተዉት።

«ማን ሠራው?»

«ሐኪም አለው።»

«እትዬ፣ እኔ የምለው...»

«ከእራት በኋላ ትላለህ።»

ዶሮው በረዶውን ለቋል። ድንቹን ልጠው በስስ ቆረጡ፣ ዶሮውን ቀመሙ፣ ዘይት አስነኩት። ከማጠቢያው ጎን የቆመችው የወንድማቸው ሚስት እጇ ባዶ ሲሆንባት ለእንግዳ የሚወጣውን ባለ ወርቅ ጠርዝ ሳህን አመጣች። እትዬ «ወርቁን መልሺው ልጄ፤ እዚህ ውስጥ ከገባ ብልጭ ብልጭ ይልብናል» አሉና መስታወቱን ጎድጓዳ ሳህን ከታች መደርደሪያ አወጡ። ኢንጂነሩ ነገር ሳያስተካክል ዝም ብሎ ማየት ስለማይችል ፕላስቲኩን ክዳን አንሥቶ «እንዳይረጭ ይከደን እንጂ» አለ። «ግሪል ሥር ፕላስቲክ? ደግመህ ልታጨሰኝ ነው?» አሉት። ክዳኑን ቀስ ብሎ አስቀመጠው። እትዬ ሁለቱን አንድ ላይ የሚሠራበትን ምልክት መርጠው ሠላሳ አምስት ደቂቃ ሞሉና አስነሡት።

ከዚያ የሆነው ነገር መጠበቅ ነው። አራቱም ወጥ ቤት ውስጥ ቀሩ፤ ማንም ሳሎን የሄደ የለም። እህትየው ስለ መንገዱ መዘጋጋት አወራች። ሚስትየው ሽንኩርት ዛሬ ደግሞ እንደጨመረ ተናገረች። «ይገርማል» ተባለ፤ ወሬው እዚያ ላይ ሞተ። የመስታወቱ ሳህን ይዞራል፣ የግሪሉ ቀይ ብርሃን ፊታቸው ላይ ይመጣል ይሄዳል። እትዬ ማጠቢያው ላይ ተደግፈው ሦስቱንም አዩ። ወንድማቸውን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ ጫማውን እንኳ ማሰር ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። አሁን ግን ስለሳቸው የሚያስበውን ፊቱ ላይ አነበቡት፤ እንደ ተጠገነ ድልድይ ነው የሚያያቸው፣ ይዟል፣ ግን እስከ መቼ? ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ አዘኑ። ኀዘናቸው ግን ቁጣቸውን አላበረደውም።

ጲጵ፣ ጲጵ፣ ጲጵ።

ሦስተኛው ጲጵ ሳያልቅ የኢንጂነሩ እጅ ወደ ሶኬቱ ተወረወረ። አላሰበበትም፤ እጁ ራሱ ነው የሄደው። እትዬ ደግሞ ለዚህች ቅጽበት ቀኑን ሙሉ ተዘጋጅተው የዋሉ ይመስል አንጓውን ቀብ አድርገው ያዙት። በዚያው ቅጽበት ሚስቱ ወደ ማሽኑ አንድ እርምጃ ተራምዳለች፤ በእጇ ከቴሌቪዥኑ ላይ ያነሣችው ሌላኛው ዳንቴል አለ። መቼ እንዳነሣችው ራሷም አላወቀችም።

«አየህ?» አሉ እትዬ። የያዙትን እጅ አልለቀቁም። «አየሽ?»

ሁሉም ዝም አሉ። ዝም ሲሉ ደግሞ ተሰማ። ሽሽሽ ይላል። ጨርሷል የተባለው ማሽን ውስጥ የሆነ ነገር እየዞረ፣ ከጎኑ ቀዳዳ ትኩስ አየር ወደ እጆቻቸው እየገፋ ነው። ኢንጂነሩ ጆሮውን ዘንበል አደረገ። መዳፉን ወደ ቀዳዳዎቹ አስጠጋና በፍጥነት መለሰው፤ ጋለበት።

«ይሄ... ሙቀቱን እያወጣ ነው» አለ ለራሱ። «ስንነቅለው ማራገቢያው ይቆማል። ሙቀቱ እዚያው...» አልጨረሰውም። መንገድ ሲሠራ ለውሃ መውጫ ቦይ የማይረሳ ሰው ነው፤ እዚህ ጋ ቦዩን ማን እንደደፈነው አሁን ገባው።

«ገጽ ዘጠኝ» አሉ እትዬ። መመሪያውን ከቦርሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ጣሉት፤ ተገልጦ እዚያው ገጽ ላይ ተቀመጠ። ታናሽ እህታቸው ጎንበስ ብላ ሥዕሉን አየች፣ ዳንቴሉን አየች፣ የወንድሟን የተያዘ እጅ አየች፤ ሳቋን ልትውጥ ሞክራ አልቻለችም።

ሚስትየው አልሳቀችም። ዳንቴሉን ወደ ሁለት አጠፈችው፣ ደግሞ ወደ አራት አጠፈችው። «ያልብሱት ያልኳቸው እኔ ነኝ» አለች ቀስ ብላ። «ረቡዕም አውቄ ነበር። ዝም አልኩ።»

«ዝም ያልነው ብዙ ነን» አሉ እትዬ። «የኔ ጥፋት ጨርቁ አይደለም። በመጀመሪያው ቀን ገና እየተነፈሰ ነው ብዬህ ስትስቅብኝ አብሬህ ሳቅሁ። ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ነፍስ የተንጠለጠለበት ማሽን ሳሠራ አንዲት ነርስ እንኳ በእንፋሎት እጇ ሳይላጥ፣ አንተን እንዳላሳፍርህ ብዬ አላዋቂ መሰልኩ። ከእንግዲህ አልስቅም። ረስቼም ከሆነ እኔው እነግራችኋለሁ፤ በረንዳ ላይ በስልክ አይነገርልኝም።»

ኢንጂነሩ ዓይኑን ወደ በረንዳው፣ ከበረንዳው ወደ መታጠቢያ ቤቷ ትንሽ መስኮት ላከ። ፊቱ ቀላ።

«እንግዲያ አትመጪም?» አለች ታናሽ እህት ሳቋን እየጠረገች።

«እመጣለሁ እንጂ። ስጋበዝ እመጣለሁ፤ በልቼ ደግሞ እመለሳለሁ።»

ማራገቢያው ቀጭ ብሎ ቆመ። እትዬ የወንድማቸውን አንጓ ለቀቁ።

«አሁን ንቀል» አሉት።

ነቀለ። ገመዱን እንደያዘ ቆመና አያቸው፤ ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ የሚጠብቅ ይመስል ነበር። እትዬ እጃቸውን በፎጣ ጠረጉና መዳፋቸውን ዘርግተው ፊቱ አቆሙት።

«ቁልፌን።»

ኪሱን ዳሰሰ። የራሱን የቁልፍ ቀለበት አወጣ። የሳቸው ቁልፍ ከመኪናው፣ ከቢሮውና ከስድስት ሌላ ቁልፍ መሃል ነው፤ ቀለበቱ ጠንካራ ነው፣ በጥፍሩ ሊያላቅቀው ቢታገል ተንሸራተተበት፣ ደግሞ ጀመረ። ማንም አላገዘውም። የዶሮው ሽታ ቤቱን ሞልቶታል።

«ኧረ ተቀመጡ፣ እራቱ ሊቀዘቅዝ ነው» አለች ታናሽ እህት።

«ይቀዝቅዝ» አሉ እትዬ፤ መዳፋቸውን አላጠፉም። «ማሞቂያው ተሠርቷል።»